የፍሪጁ ቦታ

በደቡብ አፍሪካ፣ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ባለ የጥቁሮች ሰፈር፣ ሲመሻሽ፤ ባለሱቋ ወይዘሮ ታደለችና ሠራተኛዋ ሐንዲሶ የብረት በር ባለው ሱቅ ውስጥ ቆመዋል፣ ልጇ ኢዮብ ውጭ ዕቃ የጫነ መኪና አስነሥቶ ይጠብቃል።

ታደለች፦ ብርድ ልብሱ እኮ እርጥብ ነበር! ጠዋት ዓይኔ እያየ! አሮጊቷ ጎጎ ኖምሳ ከገመዱ ላይ ስትሰበስበው ውሃው በክንዷ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል። “ምነው ሳይደርቅ?” ብዬ እንኳ አልጠየቅኳት።

ሐንዲሶ፦ ቢጠይቋትስ በምን ቋንቋ? ስምንት ዓመት ኖረው የሚያውቁት “ስንት ነው” እና “የለም” ብቻ ነው። እሱን አሁን ይተዉትና፣ እትዬ ታደለች፣ ፍሪጁ ይውረድ።

ታደለች፦ አከራያችን ናት! ልብሷን የምታሰጣው ከሱቃችን ግድግዳ ጋር ነው። እርጥቡን ከኛ ካራቀችው፣ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች ማለት ነው።

ሐንዲሶ፦ ታውቃለች። የልጅ ልጇም ያውቃል። በየቀኑ “ወንድሜ፣ አንድ ሲጋራ” የሚለኝ ልጅ፣ ዛሬ የምርጫ ተወዳዳሪውን ቲሸርት ለብሶ አንገቱን ደፍቶ ነው ያለፈኝ። ላውርደው?

ታደለች፦ ምኑን?

ሐንዲሶ፦ ፍሪጁን ነዋ! የመኪናው ፊት ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፤ እርስዎና ኢዮብ። ኋላው ጢም ብሏል። ፍሪጁ ከወረደ እሱ ቦታ ላይ ተጠቅልዬ እሄዳለሁ። ሌላ የጠየቅኩት ነገር የለም።

ታደለች፦ ሱቁስ? ባዶውን ይደር?

ሐንዲሶ፦ ባዶውን ይደር።

ታደለች፦ እንዲህ ባለ ቀን ሱቁን ባዶ የሚያሳድር ሐበሻ አለ? ሁሉም አንድ ሰው ትቶ ነው ወደ ከተማ የሚወጣው። ሰው ያለበትን ሱቅ አያቃጥሉም። ድምፅ ሲሰሙ ይመለሳሉ። ሕግ ያለበት አገር ነው።

ሐንዲሶ፦ ሕጉ ዛሬ ኳስ ሜዳ፣ የምርጫ ስብሰባው ላይ ሲያጨበጭብ ነው የዋለው። ተወዳዳሪው ምን እንዳለ ልንገርዎት? “ነጮቹ ሥልጣን ከለቀቁ ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ልጆቻችሁ ለምን ሥራ ፈቱ?” አለ። “እንግዲያው ሥራችሁ የተደበቀበትን ላሳያችሁ” ብሎ ጣቱን ወደዚህ ቀሰረ።

ታደለች፦ ወደኛ? እኛ የምንሸጠው ዳቦና ሳሙና! የወርቁ ጉድጓድ የኛ ነው? ከኮረብታው ወዲያ ያለው እርሻ፣ ያ በኤሌክትሪክ ሽቦ የታጠረው ግቢ ሁሉ የኛ ነው?

ሐንዲሶ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፣ እትዬ። እዚያ ግቢ ሄደው ቢጮኹ ጠባቂና ጥይት ይቀበላቸዋል። ታክሲውም ውድ ነው። እኛ ጋ በእግር ይደረሳል።

ታደለች፦ ጥቁር በጥቁር ላይ! እግዜር አይፈራም እንዴ ይሄ ሕዝብ?

ሐንዲሶ፦ መቼ ከጥቁር ቆጠሩንና? እኛ ኩዌሬኩዌሬ ነን። መጤ።

ታደለች፦ የነሱ ጠበቃ ሆንክ?

ሐንዲሶ፦ የጎጎ ኖምሳ የልጅ ልጅ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር በእጁ ይዞ አያውቅም። ድምፅ ስጥ ሲሉት ሰጠ፣ ጠብቅ ሲሉት ጠበቀ። ቢያቃጥለኝ ብዙም አልፈርድበትም። ግን መቃጠል አልፈልግም።

ታደለች፦ ማን ተቃጠል አለህ? መብራቱን ታጠፋለህ፣ ከዱቄቱ ጀርባ ትተኛለህ። ሲመጡ በቋንቋቸው ታናግራቸዋለህ። እኔ የለኝም እንጂ አንተማ ምላስ አለህ።

ሐንዲሶ፦ ኢዮብም ምላስ አለው። እዚሁ ነው የተማረው። ኢዮብ ይደር።

ታደለች፦ አፍህን ዝጋ!

ሐንዲሶ፦ ሰው ካለ አያቃጥሉም አላሉም?

ታደለች፦ ዝጋ አልኩህ! የልጄን ስም ከዚህ ነገር ጋር አታንሣ።

ሐንዲሶ፦ እንግዲህ እርስዎም አያምኑበትም ማለት ነው።

ታደለች፦ አንዱ ልጄን ወደዚህ ሲመጣ መንገድ በልቶብኛል። በዚያ ጭነት መኪና ውስጥ ታፍኖ፣ መቃብሩን እንኳ አላውቅም። ስንት ጊዜ ልቀጣ? አንድ ነው የቀረኝ፣ አንድ!

ሐንዲሶ፦ እኔም እዚያው መኪና ውስጥ ነበርኩ። የመጨረሻዋን ጉንጭ ውሃ ማን እንዳጠጣው ያውቃሉ።

ታደለች፦ አውቃለሁ። ስለሱ ብዬም አይደል ያስገባሁህ? ካበላሁህ፣ ካለበስኩህ፣ ለአንድ ሌሊት ቁምልኝ ብል ምን አለበት? ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።

ሐንዲሶ፦ ይጮኻል እንጂ ጌታው ጥሎት ሲሸሽ ቤት አይጠብቅም።

ታደለች፦ ጥጋብ ነው ይሄ። እናትህ እንደዚህ አትናገረኝም ነበር።

ሐንዲሶ፦ እናቴማ ምን ብላ? ሸክላ ልትሸጥ ስትመጣ ከደጅዎ አልፋ አታውቅም። ውሃ ሲሰጧት በቅል ነበር፤ ጠጥታ ስታበቃም ቅሉን ይሰብሩት ነበር።

ታደለች፦ ያ የአገሩ ልማድ ነው፤ እኔ አላመጣሁትም። ሸክላ ሠሪ ቤት እንደማይገባ አባቶቻችን ናቸው የደነገጉት። እኔ እንዲያውም ልጇን ቤቴ አስገባሁ!

ሐንዲሶ፦ አዎ። እሷን ከደጅ መለሷት፣ እኔን ከቤት ሊያስቀሩኝ ነው። እትዬ፣ እዚህ አገር አንድ ነገር ብቻ ደስ ይለኝ ነበር። እኔንም እርስዎንም እኩል መጥላታቸው።

ታደለች፦ እንግዲህ አልቅስ!

ሐንዲሶ፦ ለሱቁ ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር። ግን ለሱቁ አይደለም። ባለፈው ክረምት ያገራችን ልጅ ላምቤቦ ሱቁን ባዶ ትቶ ሲወጣ ምን ሆነ? ሊያቃጥሉ የመጡት ሰው ቢያጡ መኪናውን ተከተሉ። አስፋልቱ ጋ ደረሱበት።

ታደለች፦ እሱን ማን ነገረህ?

ሐንዲሶ፦ ሬሳውን ያጠብነው እኔና ኢዮብ ነን። እርስዎ የሚፈልጉት ዘበኛ አይደለም፤ እነሱ መኪናውን እንዳይከተሉ እዚህ የሚቆዩበት ሰው ነው። ጅብ ሲከተለው አህያውን ጥሎ የሚሮጥ መንገደኛ ሆነዋል።

ታደለች፦ እናት ብትሆን ይገባህ ነበር።

ሐንዲሶ፦ እናት አለኝ! እሷስ? አንቺ እናት ነሽ፣ እሷ ምንድን ናት? ሸክላ?

ታደለች፦ አንቺ? ታደለችን “አንቺ” አልካት?

ሐንዲሶ፦ አልኩሽ። ፍሪጅ ጭነሽ ሰው የምትተዪ ሴት ምን ልበልሽ?

ታደለች፦ ቀስ በል፣ ኢዮብ ይሰማል።

ሐንዲሶ፦ ይስማ! እንዲያውም ልጥራው። ኢዮብ ቢያውቅ ዕቃውን በሙሉ አራግፎ ነው የሚጭነኝ። ምን ብለሽው ነው እንደዚያ ተረጋግቶ የተቀመጠው?

ታደለች፦ ምንም አላልኩት። አትጥራው። ሐንዲሶ፣ ልጄ፣ አትጥራው። ከሰማ “እኔ ነኝ የማድረው” ይላል። እንዴት እንደሆነ ታውቀዋለህ። ስማኝ እስቲ… ያ ምንድን ነው?

ሐንዲሶ፦ ዘፈን ነው።

ታደለች፦ ሠርግ ይሆናል።

ሐንዲሶ፦ ሰኞ ቀን የምን ሠርግ? እየዘፈኑ ነው የሚመጡት፤ ሁልጊዜም እየዘፈኑ ነው። ገና ትምህርት ቤቱ ጋ ናቸው። እትዬ፣ ይቅርታ፣ አንቺ ያልኩት ተናድጄ ነው። በእናትዎ ይሁንብዎ፣ ጊዜ የለም።

ታደለች፦ ኢዮብ ክላክስ አደረገ።

ሐንዲሶ፦ እግርዎ ላይ ልውደቅ? ይኸው። በሞተው ልጅዎ። በዚያች ውሃ።

ታደለች፦ ተነሣ። ተነሣ፣ አታስለቅሰኝ። ይሁን።

ሐንዲሶ፦ ምን አሉ?

ታደለች፦ ይሁን አልኩ። ይውሰዱት ሱቁን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳልባል። ፍሪጁ ይወርዳል።

ሐንዲሶ፦ እግዜር ይስጥዎ! ልሂድና ላግዘው።

ታደለች፦ እንዳትወጣ! መንገዱ ላይ ሰው አለ፣ አንተን ካዩ ይሮጣሉ። እኔ ሻሼን ወደ ፊቴ ስቤ ልንገረው። ቆይ።

ሐንዲሶ፦ ቶሎ ይበሉ!

ታደለች፦ ነገርኩት። ገመዱን እየፈታ ነው። ፍሪጁ እስኪወርድ ደግሞ ጸሎት እናድርግ።

ሐንዲሶ፦ መኪናው ውስጥ አይሆንም?

ታደለች፦ መቼ ነው ሳንጸልይ መንገድ ወጥተን የምናውቀው? ያን ቀን፣ ልጄ ከአገር ሲወጣ፣ ቸኮልን ብላችሁ ሳልጸልይለት ሄዳችሁ። አየህ የሆነውን። ተንበርከክ።

ሐንዲሶ፦ እሺ፣ ግን አጠር ይበል።

ታደለች፦ ወደ ውስጥ ገባ በል፣ ዱቄቱ ጋ። እንደሱ። ዓይንህን ጨፍን። እጄን ራስህ ላይ ልጫን። አባት ሆይ፣ ይህ ልጅ ያንተ ነው፣ የኔ አይደለም።

ሐንዲሶ፦ አሜን።

ታደለች፦ ወላጅ አጠገቡ የለም፣ ዘመድ የለም። አንተ ዘመድ ሁነው።

ሐንዲሶ፦ አሜን። ኢዮብ አወረደው?

ታደለች፦ በጸሎት መሃል አይወራም። አባት ሆይ፣ ከሰው እጅ ጠብቀው። በዙሪያው የእሳት ቅጥር ሁንለት።

ሐንዲሶ፦ አሜን… እትዬ፣ እጅዎ ከራሴ ላይ ተነሣ።

ታደለች፦ የእግዚአብሔር እጅ አልተነሣም። ዓይንህን እንዳትገልጥ፣ በረከቱ ይበተናል። ከአፉ የሚወጣውን ቃል አጣፍጥለት። በጠላቶቹ ፊት ሞገስ ስጠው።

ሐንዲሶ፦ ድምፅዎ ለምን ራቀ?

ታደለች፦ ወገቤን አሞኝ ተደግፌ ነው። የሚያለቅሱለትን ሁሉ አጽናና። እናቱንም አስባት፣ ጌታ ሆይ፣ እሷም እናት ናት።

ሐንዲሶ፦ እትዬ? ምንድን ነው የተንሲያጠጠው? በሩን ማን… እትዬ ታደለች! ጓጉንቸሩ ከውጭ ነው የተቆለፈው!

ታደለች፦ ጮክ ብለህ አሜን በል፣ ልጄ፤ ኢዮብ ፈቅደህ እንደቀረህ ይስማ።