የጎረቤት ፎቶ ይዞ ሐይቅ ፍለጋ

አቶ ገሰሰ ላምበረት ድረስ የሄዱት ሰው እንዳያያቸው ነበር። የመኪና መለዋወጫ ሱቃቸው ባለበት በኢምፔሪያል አካባቢ ለኮንትራት የሚቆም ሚኒባስ ሞልቷል፤ ግን እዚያ ሹፌሩም ረዳቱም ያውቃቸዋል። ላምበረት መናኸሪያ የሚያውቀኝ የለም ብለው፣ በሐምሌ ዝናብ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ከአንዱ ሹፌር ወደ ሌላው እየሄዱ ስልካቸውን ያሳያሉ። «ይህን ቦታ ታውቀዋለህ? እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው» ይላሉ።

ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ የእሳቸው እንዳይመስላችሁ። ፊት ለፊታቸው ካለው ቤት የሚኖረው ሙዘሚል፣ ባለቤቱ ናዲያና ሁለት ልጆቻቸው ጫሞ ሐይቅ ላይ፣ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው የሚስቁበት ፎቶ ነው። ናዲያ ባለፈው ክረምት ቴሌግራም ላይ ለጥፋው ነበር። አቶ ገሰሰ ስልካቸው ውስጥ አስቀምጠው፣ እያዩ ሲንገበገቡ ዓመት ሞላቸው።

ምን ያድርጉ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ለእረፍት አገር ማቋረጥ የሥራ ፈት ነው፤ እረፍት ማለት ቤት ተቀምጦ እግርን መዘርጋት ነው» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሙዘሚል ግን ሦስት ክረምት በተከታታይ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። የገርጂ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ምስጢር አይችልም፤ የሰው ሻንጣ ደረጃ ላይ ሲንኳኳ እሳቸው ሳሎን ይሰማል። በዚያን ጊዜ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ የያዙትን ሥራ ትተው ያዳምጣሉ። ሁለቱ ሴት ልጆች፣ ሊሊና እንቁ፣ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው መኪናው እስኪታጠፍ ያያሉ። ባለፈው መስከረም መምህሯ «ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁ?» ብላ ስታስጽፍ፣ ሊሊ ጫሞ ሐይቅ ሄጄ አዞ አየሁ ብላ ሁለት ገጽ ጻፈች። መምህሯም ለወላጅ ቀን የመጡትን አቶ ገሰሰን «ልጅዎን እንዲህ አገር ማሳየትዎ በጣም ያስመሰግናል» አለቻቸው። ሰውየው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

እንግዲህ የዘንድሮው ክረምት የብድር መመለሻ መሆኑ ነው። ሙዘሚል አራት ሆኖ ከሄደ፣ እሳቸው የሙሉነሽን ሁለት እህቶች ከነልጆቻቸው ጨምረው አሥራ አምስት ሆነው ይሄዳሉ። ሚኒባሱ አሥራ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፤ ግድ የለም፣ ልጆች ይታቀፋሉ። የአልጋ ወጪ ለመቆጠብ ደግሞ ሐሙስ ማታ ተነሥተው ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው፣ አርብ ጠዋት አርባ ምንጭ ይገባሉ። ይህንን ሁሉ ተስፉ ከሚባል ሹፌር ጋር ተስማምተው፣ ቀብድም ከፍለው፣ ፎቶውን ለመጨረሻ ጊዜ እያሳዩት ሳለ ከበስተኋላቸው አንድ ድምፅ መጣ።

«ጋሽ ገሰሰ፣ እንደምን ዋሉ? ይቺ የእኛ ፎቶ አይደለችም እንዴ?»

ሙዘሚል ነበር። ኤርፖርት፣ በጭነት ክፍል ነው የሚሠራው፤ የዕረፍት ቀኑ ሆኖ አጎቱን አውቶቡስ ሊያሳፍር መምጣቱ ነው። አቶ ገሰሰ ክው አሉ። ስልኩን ኪሳቸው ሲከቱ ጃንጥላው ከእጃቸው ወጣ። ሙዘሚል ጎንበስ ብሎ አነሣላቸውና ምንም እንዳላየ ሰው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ለአቶ ገሰሰ ግን ጨዋነቱም ያናድዳቸው ነበር።

ከዝናቡ ሊጠለሉ አንድ ሻይ ቤት ገቡ። አቶ ገሰሰ ከተያዙ አይቀር ብለው የጉዞውን ነገር ሁሉ፣ ትንሽም እያጋነኑ፣ ነገሩት። ሙዘሚል እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሻዩንም ሳይጠጣ አስቀመጠው።

«ጋሽዬ፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ልናገር። በዚህ መልክ ባይሄዱ ደስ ይለኛል።»

እዚህ ላይ የአቶ ገሰሰ ፊት ተለዋወጠ። ሰው የራሱ በሽታ በሌላው ላይ ቶሎ ይታየዋል መሰለኝ፣ ለዓመት ሲቀና የኖረው ሰው ጎረቤቱን ቀናተኛ አደረገው።

«ቀናህ እንዴ?» አሉ። «አንተ ስትሄድ እኔ መልካም መንገድ ብዬ ሸኘሁህ። የእኔ ልጆች ሐይቅ ቢያዩ ምን ይጎድልብሃል?»

«ምንም አይጎድልብኝም። ልጆቹ ሄደው እንዲያዩ፣ አይተውም እንዲመለሱ ነው የምፈልገው። እኛ ጭነት ክፍል የአበባ ካርቶን እንኳን ሳይመዘንና ሳይታሰር አናስወጣም። አበባ ነው፤ ነገ ይደርቃል። እርስዎ ለአሥራ ሁለት ሰው በተሠራ መኪና አሥራ አምስት ነፍስ ጭነው፣ በክረምት፣ በጨለማ ሊጓዙ ነው።»

አቶ ገሰሰ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ድሮ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጠን ስንት አገር ዞረናል አሉ። እግዚአብሔር ያለው አይቀርም አሉ። በሌሊት መንገዱ ጭር ይላል፣ አልጋም አይከፈልበትም፣ ብልህ ሰው እንዲህ ነው የሚያቅደው ብለውም ጨመሩ። ሙዘሚል አንድ በአንድ፣ ድምፁን ሳያነሣ መለሰላቸው። ያ ሹፌር ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ነው ማታ መሪ የሚይዘው፤ ታዲያ መቼ ሊተኛ ነው? በክረምት ጭጋግ አለ፣ ጎርፍ ያፈረሰው ጠርዝ አለ፣ መብራት የሌለው ጋሪና ከብት አለ፤ መኪና ቢበላሽ የሚረዳ ሰው የሚገኘው በቀን ነው። የመንገዱንስ ሰላም ማንን ጠየቁ? እሱ ከመነሣቱ በፊት ከዚያ አቅጣጫ ያን ዕለት የገቡ ሹፌሮችን ሳያነጋግር ቤተሰቡን አያንቀሳቅስም።

«ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ፣ «እርስዎ የፍሬን ሸራ የሚሸጡ ሰው ነዎት። የዚህን ሚኒባስ ጎማ አይተውታል?»

አቶ ገሰሰ አላዩትም። ሱቃቸው የመጣን ደንበኛ «ጎማህን ሳላይ ሸራ አልሸጥልህም» እያሉ የሚቆጡ ሰው፣ ዛሬ ዓይናቸው ፎቶው ላይ ተተክሎ ወደ መኪናው ጎማ አልወረደም። ቅናት ያዋቂን ዕውቀት እንዲህ አድርጎ ይነጥቃል።

አሁንም ግን እጅ አልሰጡም። «አንተ አርባ ምንጭ ሄደህ፣ ልጆችህን ጀልባ ላይ አስቀምጠህ፣ ስቀህ ፎቶ ተነሣህ። ለእኔ ሲሆን ምክር ሆነ» አሉ። «ልጄ የአንተን ልጆች ጉዞ የራሷ አድርጋ ትምህርት ቤት ጻፈች። ይህን ታውቃለህ? አባት ሆኖ ይህን መስማት እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ?»

ሙዘሚል ይህንን አያውቅም ነበር። እባክዎ ፎቶውን ልየው አለ። አቶ ገሰሰ እያፈሩ አወጡት።

«ይህ ፎቶ ከተነሣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩ ቆመ» አለ። «ነፋስ መጣ። ጀልባዋ ትንሽ ናት፣ እኛ ከሌሎች ጋር ዘጠኝ ነን። ውሃ መግባት ጀመረ። የናዲያን ነጠላ ጫማ አውልቀን በእሱ ውሃውን እየጨለፍን ደፋን። ትንሿ ልጄ አንገቴን ይዛ ‹አባዬ፣ አዞው እኛን ያየናል?› ትለኝ ነበር። ልብ ብለው ይዩት፤ አንዳችንም ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት አልለበስንም። ጀልባ ነጂው የለኝም ሲል እኔ፣ በሥራዬ ለካርቶን የምጨነቀው ሰውዬ፣ እዚህ ድረስ መጥተንማ አንመለስም ብዬ ልጆቼን አስገባሁ። ሌላ ጀልባ ደርሶ ጎትቶ አወጣን። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ታዲያ ናዲያ ‹የማይረሳ ቀን› ብላ...»

«አዎ፣ አይረሳም። ሰው ሲጠይቀን በጣም ደስ ይል ነበር አልን። እርስዎም ደረጃ ላይ ጠይቀውኝ ነበር፤ እርስዎንም እንዲሁ አልኩዎት። ያን ቀን እውነቱን ብነግርዎ ኖሮ ዛሬ የእኔን ፎቶ ይዘው ሹፌር አይለምኑም ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።»

አቶ ገሰሰ ፎቶውን እንደ አዲስ አዩት። ዓመት ሙሉ ያዩት የሚስቀውን ጥርስ ብቻ ነበር። አሁን የጀልባዋ ከንፈር ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር እንደማይሞላ ታያቸው። በዚያች ስፍራ ሊሊንና እንቁን አስቀምጠው አሰቡ። ተነሥተው በዝናብ ወጡና ከሚኒባሱ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ጎማው ተልጦ ክሩ ብቅ ብሏል። ለተስፉ ጉዞው ቀርቷል አሉት፤ ቀብዱን እንደማይመልስላቸው እያወቁ ብዙም አልተከራከሩም።

ወደ ገርጂ ሲመለሱ በታክሲ ውስጥ ሙዘሚል ከጀልባው በኋላ ቤታቸው ውስጥ ያወጡትን ደንብ አጫወታቸው። መጀመሪያ አቅማቸውን ይወስናሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው በዚያ አቅም የሚደረስበትን ቦታ የሚፈልጉት። ቦታ መርጦ ገንዘብ ማሳደድ ቀረ። ቅዳሜና እሑድ አልጋ ስለሚወደድ በሥራ ቀን ይወጣሉ። ከነጋ በኋላ ተነሥተው ሳይመሽ ይገባሉ። ምሳ ከቤት ይቋጠራል፤ አጎበርና የልጆች መድኃኒት አይረሳም፤ የሚያርፉበትን ቦታ ስም ለቀረ ዘመድ ይሰጣሉ። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ካጋጠማቸው ዳር ተቀምጠው ወፍ አይተው ይመለሳሉ። ይኸው ነው፤ ትልቅ ጥበብ የለበትም።

አቶ ገሰሰን አሁን ያስጨነቃቸው ሙሉነሽ ነበሩ። ቃል ገብተውላቸዋል፤ ለእህቶቻቸውም ተነግሯል። ማታ ልጆቹ እስኪተኙ ሳይጠብቁ፣ በር እንደገቡ ሁሉንም ተናገሩ፤ የፎቶውንም ነገር፣ ቅናታቸውንም አልደበቁም። «አርባ ምንጭ ባለመሄድሽ ታዝኚብኝ ይሆናል» አሉ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። «እኔ መቼ አርባ ምንጭ አልኩህ?»

«የናዲያን ፎቶ ስታዪ ፊትሽ ይለወጣል። አይቼሻለሁ።»

«ገሴ፣ ሐይቁን እኮ አይደለም የማየው። ባሏ አጠገቧ ተቀምጧል፤ እሱን ነው የማየው። አንተ ሃያ ሁለት ዓመት እሑድ እንኳን ሱቅ ትከፍታለህ። እኔ የቀናሁት በዚያ ነው።»

አቶ ገሰሰ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሱቁን ለሦስት ቀን ዘጉት። ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ራሳቸው ጎማና ፍሬን ባዩት መኪና፣ አራት ሆነው ወጡ፤ ለሙሉነሽ እህቶች ሌላ ጊዜ ይደርሳቸዋል ተባለ። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈው ምሳ ሳይደርስ ዝዋይ ገቡ። ርካሽ ግን ንጹሕ ማረፊያ አገኙ። አንዱን ቀን ሙሉ ዘነበባቸው። እንቁ መንገድ ላይ አስመለሳት። ቢሆንም የአቶ ገሰሰ ስልክ ሦስቱንም ቀን ተዘግቶ ዋለ፤ ሐይቁ ዳር ከሙሉነሽ ጋር ተቀምጠው ልጆቹ የወፍ ዓይነት ሲቆጥሩ አዩ። ሊሊ አንድ ጊዜ ዞር ብላ «አባዬ፣ ይህን እጽፈዋለሁ» አለቻቸው። አቶ ገሰሰ ዓይናቸውን ወደ ውሃው መለሱ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሻንጣቸውን ይዘው ደረጃውን ሲወጡ፣ አንደኛ ፎቅ የሚኖረው ረታ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ረታ ሦስት ልጆች ያሉት የእንጨት ሠራተኛ ነው። ሻንጣውን አየ፣ ፀሐይ የመታውን የልጆቹን ፊት አየ። ያን አስተያየት አቶ ገሰሰ በደንብ ያውቁታል።

«እናንተማ ዓለማችሁን ቀጫችሁ» አለ ረታ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «እንዴት ነበር?»

«በጣም ደስ...» ብለው ጀመሩና አቶ ገሰሰ ቆሙ። ሻንጣውን መሬት አስቀመጡ። ከዚያም ያለውን እንዳለ ነገሩት፤ ዝናቡን፣ የእንቁን ማስመለስ፣ መብራት የጠፋበትን ምሽት። ደስ ያላቸውንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሩት። መቼ መውጣት እንደሚሻል፣ ምን ይዞ መሄድ እንደሚገባ፣ ጠቅላላው ስንት እንደፈጀባቸውም አልደበቁም። ረታ የመጨረሻውን ሲሰማ አላመነም፤ ይድገሙልኝ አለ። ደገሙለት።

ረታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«እንዲህ ከሆነማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኛም እንችላለን ማለት ነው?»

«ትችላላችሁ እንጂ» አሉ አቶ ገሰሰ፤ እሳቸውም አጠገቡ ተቀመጡ።