ትንፋሹን የሚይዘው ሰዓት ሠሪ

«እግሩን ያዢልኝ! እኔ በራስጌው በኩል ላንሳው! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ይህን የጮኽኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ሱቁ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሯል፤ የእህቱ ልጅ ተንበርክካ እጇን ሆዱ ላይ አድርጋለች። ሰሞኑን ሥራ ላይ እያለ እንደሚያዞረውና ደረቱን እንደሚያፍነው ስለማውቅ፣ አለቀለት ብዬ ነበር።

«ጋሼ፣ ይረጋጉ» አለችኝ። «እየተማሩ ነው።»

«ተኝቶ ምን ይማራል?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቃት» አለ ሟቹ ከወለሉ ላይ።

ልጅቱ የሰውነት እንቅስቃሴ አስተማሪ ናት። ሩጫና ዝላይ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ዝግ ብሎ እየተንቀሳቀሰ ገላውን እንዲያስተውል ነው የምታስተምረው። እሱ ደግሞ ሐኪሙ መርምሮ «ልብህ ጤነኛ ነው» ቢለውም አላመነም። ታምሜያለሁ ብሎ ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ሱቅ በወሩ መጨረሻ ለሌላ ሊያስረክብ ቃል ሰጥቷል።

«አጎቴ፣ ጉልበትዎን ቀስ አድርገው ወደ ቀኝ ያዘንብሉ። ትንፋሽዎ የት ድረስ እንደሚወርድ ያዳምጡ።»

«ልጄ፣ መተንፈስማ ስወለድ የጀመርኩት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ተጋድሜ ደንበኛ ቢያየኝ ምን ይለኛል?»

«ሱቁን ለሌላ ሰጥተው ከሚቀመጡ ቢታሙ አይሻልም?»

«በእኛ ጊዜ ሰው የሚተኛው ሲደክመው ነበር» አልኩ እኔም ነገር ለማሟሟቅ። እሱ ደጋፊ በማግኘቱ ደስ ብሎት ብድግ አለ።

ልጅቱ ከጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተከፈተ የሴት ሰዓት አንሥታ «ይህችን ብሎን ብቻ ይግጠሙና እተውዎታለሁ» አለችው።

ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰካ፤ ከአሸዋ የምታንስ ብሎን በወረንጦ አነሣ። እሷ መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈች። ጠበቅን። እኔ ሁለት ጊዜ ተነፈስኩ፤ ሦስተኛውንም ጨመርኩ፤ የሱ ጀርባ ግን ንቅንቅ አላለም።

«አጎቴ...»

«ዝም በይ፣ ትበርብኛለች!»

«ማን?»

«ብሎኗ ናታ! ከተነፈስኩባት የት አባቴ...»

ወረንጦው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ሰዓት ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትንሽ ነገር ስትይዝ አትተንፍስ ይለኝ ነበር። ዱሮ ቶሎ እገጥማት ነበር፤ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ግን አንዷ ብዙ ታቆየኛለች።»

«በቀን ስንት ብሎን ይገጥማሉ?»

ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እኔ እኮ ትንፋሼን ራሴው እየያዝኩ ልናዘዝ ነበር!» አለ። እኔንም ከላዬ ላይ ድንጋይ የወረደ ያህል ቀለለኝ።

ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። ትከሻውን ማላላት፣ ክርኑን ማሳረፍ፣ ብሎን ይዞ በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ ተማረ፤ ጠዋት ጠዋትም ያለምንም ሐፍረት ይጋደማል። በሦስተኛው ሳምንት ማዞሩ ተወው፤ ሱቁንም አላስረከበም። አሁን ማታ ሲገባ እንደ በፊቱ ቤተሰቡን አይቆጣም፤ ጠፍቶ የነበረው እንቅልፉም ተመልሷል። እኛ ጎልማሶች አዲስ ነገር ስንሞክር የምናፍረው ሰው ይስቅብናል ብለን ነው። ያልታወቀን የገዛ ልማዳችን ግን ከሳቅ የባሰ ይጎዳናል፤ ስለዚህ ሐኪም ደህና ናችሁ ካላችሁ በኋላ ገላችሁ ሥራ ላይ ምን እንደሚያደርግ ጠጋ ብላችሁ እዩት።

እኔም ትናንት እንደ ወትሮዬ ከጠዋት ጀምሮ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጬ ስውል ጉዳዬን አነሣሁ። «ሰሞኑን እኔንም ትንፋሽ ያጥረኛል። ከሥራ ይሆን እንዴ?» አልኩት።

ማጉያውን ከዓይኑ ሳያነሣ፣ በአፍንጫው ረጋ ብሎ ተነፈሰና፣

«ከሥራ እንኳ አይመስለኝም» አለ።