ከመስቀሉ ደረጃ በላይ

በስፔን ምድር፣ በጥንቷ አቪላ፣ የከተማው ግንብ ከካቴድራሉ ጀርባ ጋር በሚገጥምበት የዘበኛ ክፍል ውስጥ፣ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ፤ አሮጊቷ በር ጠባቂ ኡራካ ወደ ማማው የሚያስገባውን የብረት በር ቁልፍ ወገቧ ላይ አስራ ተቀምጣለች፣ ወጣቱ የጨርቅ ቀለም ነካሪ ቤልትራን ጩቤ ይዞ ፊቷ ቆሟል።

ኡራካ፦ መጀመሪያ ተቀመጥ አልኩህ። ቆሞ ለሚጮህ ሰው ቁልፍ ሰጥቼ አላውቅም።

ቤልትራን፦ እማማ ኡራካ፣ ልቀመጥ አይደለም የመጣሁት! ቁልፉን ይስጡኝና ልሂድ።

ኡራካ፦ እዚያች በርጩማ ላይ። አንድ እግሯ ይወዛወዛል፤ ግን አሁን አንተ ከሷ የባስክ ነህ። ና ተቀመጥ፣ ልጄ። አንድ ነገር ላጫውትህ፤ ስጨርስ ቁልፉን በገዛ እጄ እሰጥሃለሁ።

ቤልትራን፦ ወንድሜ ገበያ መሃል ተጋድሞ እርስዎ ጨዋታ ያምርዎታል?

ኡራካ፦ የወንድምህን የኑኞን መርዶ ሰምቻለሁ። ጩኸቱ እዚህ ድረስ መጣ። የት ላይ ወጋው?

ቤልትራን፦ እዚህ ጋ፣ ከጎድኑ ሥር። ካስገባው በኋላ አዞረው፣ እማማ። ሲያዞረው በጆሮዬ ሰማሁት። መዳፌን ቁስሉ ላይ ጫንኩት፣ ደሙ በጣቶቼ መሃል ፈልቶ ወጣ። ይኸው፣ ይዩት!

ኡራካ፦ አየሁት። የናንተ የቀለም ነካሪዎች እጅ እስከ ክርን ሰማያዊ ስለሆነ ደሙ እንኳን ጥቁር ይመስላል። እንዲህ ያለ እጅ ከዚህ በፊትም አይቻለሁ።

ቤልትራን፦ እንግዲያው ቁልፉን!

ኡራካ፦ ተቀመጥ።

ቤልትራን፦ ተቀመጥኩ! ይኸው! አሁንስ?

ኡራካ፦ አሁን ንገረኝ። ገዳዩ ማነው?

ቤልትራን፦ ከሴጎቪያ የመጣ በቅሎ ነጂ ነው። ጩቤውን ጥሎ ሮጠና ካቴድራሉ ገባ። ካህናቱ በሩን ፊታችን ላይ ዘጉት። ሕዝቡ አሁንም በሩን በድንጋይ እየደበደበው ነው፤ ይሰማዎታል?

ኡራካ፦ ይሰማኛል። ካህናቱ ደግ አደረጉ። ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው አይነካም፤ ንጉሥ ቢመጣም ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

ቤልትራን፦ እሱማ ልክ ነው። ሰውዬው ግን ሞኝ ነው፣ እማማ፣ አንድ ቦታ አርፎ አልተቀመጠም። ማማው አናት ላይ ሰው ይታያል። ሁላችንም ከታች አየነው።

ኡራካ፦ የመስቀሉን ደረጃ አለፈ ነው የምትለኝ?

ቤልትራን፦ እንግዳ ሰው ምን ያውቃል! ሁሉም ቤተ ክርስቲያን መሰለው። የአቪላ ሰው ቢሆን ያውቅ ነበር። የካቴድራላችን ጀርባ ራሱ የከተማው ግንብ ነው፤ ማማውም የግንቡ ማማ ነው። መስቀል እስከተቀረጸበት ደረጃ ድረስ የእግዚአብሔር፣ ከዚያ በላይ የከተማው። ከመስቀሉ በላይ የወጣን ሰው ማንም ሊይዘው ይችላል። ይሄ የእናንተ የሽማግሌዎቹ ደንብ ነው፣ እኔ አላወጣሁት።

ኡራካ፦ መያዝ ነው ያልከው? ታዲያ ጩቤው ምን ይሠራል?

ቤልትራን፦ ለመያዣ ነው።

ኡራካ፦ በጩቤ ሲያዝ ያየሁት አይብ ብቻ ነው። ዳኛው የት ሄደ?

ቤልትራን፦ ከአዳሃ ወንዝ ማዶ፣ አራቱ ምሰሶዎች ከሚባለው ቦታ። የከተማው በር መዝጊያ ደወል ሲደወል ይመለሳል።

ኡራካ፦ ደወሉ እኮ ሩቅ አይደለም።

ቤልትራን፦ ለእኔ ሩቅ ነው! ከዚያ በፊት ካህናቱ ከላይ አውርደው መሠዊያ ሥር ይወሽቁታል። ወደ ማማው የቀረው መንገድ በዚህ በእርስዎ የብረት በር ብቻ ነው። ደግሞ ምን ሴት ነዎት እርስዎ? ግድግዳው ላይ ይሄን የሚያህል ሚስማር እያለ ቁልፍ ወገብ ላይ ይታሰራል?

ኡራካ፦ ሚስማሩ ባዶ የሆነበት ምክንያት አለው። እደርስበታለሁ። ይሄ ግንብ ስንት ማማ አለው?

ቤልትራን፦ ሰማንያ ስምንት። ዘጠኝ በር። አሁን ደግሞ ትምህርት ቤት ገባሁ እንዴ?

ኡራካ፦ ድንጋዩስ ከየት መጣ?

ቤልትራን፦ ከተራራ ነዋ።

ኡራካ፦ ሁሉም አይደለም። ጠላት ደረሰ ሲባል ግንበኞቹ ተጣደፉና የጥንት ሮማውያንን መቃብር እየፈነቀሉ ደረደሩት። አሁን የተደገፍክበትን ዳስሰው እስቲ። የተቀረጸው ፊደል ነው። የሰው ስም ነው።

ቤልትራን፦ የማን?

ኡራካ፦ እኔ መች ፊደል ቆጠርኩ። በጣቴ ግን በደንብ አውቀዋለሁ። መጀመሪያው ቀጥ ያለ ነው፣ ሁለተኛው ክብ። ማንም ይሁን ማን፣ ስሙን የጻፈለት ሰው ነበረው። በዚህ ግንብ ሥር ስማቸው ሳይጻፍ የቀሩት ናቸው የሚበዙት። በዘይት የተቀቀሉት አሉ፣ ከላይ ድንጋይ ተለቆባቸው እንደ ወይን የተጨፈለቁት አሉ...

ቤልትራን፦ ታጋቾቹ የተቀቀሉበት መስክ፣ ጠላትን ሊያታልሉ የወንድ ባርኔጣ አድርገው ግንቡ ላይ የቆሙት ሴቶች። አውቃለሁ! የአቪላ አያት ሁሉ የሚያወራው ነው።

ኡራካ፦ አሁን የማወራህን ግን ማንም አያት አያወራውም። አንዲት ልጅ ነበረች፤ አሥራ አራት ዓመቷ። አባቷ የዚህ በር ጠባቂ ነበር። ቁልፉ ያኔ እዚያ ሚስማር ላይ ነበር የሚሰቀለው። ወሩ እንዳሁኑ ሚያዝያ ነው። ልጅቱ ብቻዋን ተቀምጣ ቀበቶ ስትጠግን ሦስት ሰዎች እየሮጡ መጡ። ጩቤ ይዘዋል። ከፊት ያለው ወጣት ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ።

ቤልትራን፦ ቀለም ነካሪ?

ኡራካ፦ ቀለም ነካሪ። የአጎቱን ልጅ ገድለውበታል። ገዳዩ ካቴድራል ገባ፤ ማማው አናት ላይ ሰው ታየ፤ መስቀሉን አለፈ ተባለ። ያንተኑ ቃል ነው የነገራት፣ አንድ ሳይጨምር አንድ ሳይቀንስ። «አባትሽ የት ነው?» አላት። «ወጥቷል» አለችው። የት እንደወጣ እሷም አላወቀችም። ወጣቱ ያለቅስ ነበር። እንባው አሳዘናት። መልከ መልካምም ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ። ቁልፉን ከሚስማሩ አንስታ ሰጠችው።

ቤልትራን፦ ጎበዝ ልጅ! ከእርስዎ ይልቅ እሷ አንጀት ነበራት።

ኡራካ፦ እሷም ራሷን ጎበዝ ብላ ነበር። ተከትላቸው ወጣች። ፀሐይዋ ከሰውዬው ጀርባ ስለነበረች የሚታየው ጥላው ብቻ ነው። ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና ከማለቱ አንደኛው አንገቱ ሥር ሻጠበት። አልሸሸም፤ የሚሸሽበት ቦታም የለ። ባንድ እጁ ይከላከላል፣ ሌላኛውን ጨብጦ ደረቱ ላይ ይዞታል። «ጩቤ ይዟል! እጁ ውስጥ ጩቤ አለ!» ተጯጯሁ። ያን እጁን ለማስለቀቅ ክንዱን እስከ አጥንቱ ተለተሉት። አልለቀቀም። ፊቱን ከግንቡ ጋር እያጋጩ ጥርሱን አረገፉት። አልለቀቀም። አሥራ አንድ ጊዜ ወጉት፣ ልጄ። የቆጠረችው ልጅቱ ናት፤ ሌላ የምታደርገው ነገር አልነበራትማ።

ቤልትራን፦ ገዳይ ነበር። የእጁን አገኘ።

ኡራካ፦ ሲወድቅ እግሩ ወደሷ ሆነ። ጫማውን አየችው። የግራው ጫማ ሶል በቀይ ክር የተሰፋ ነበር። ጠዋት የሰፋችው እሷ ናት። ጥቁር ክር አልቆባት።

ቤልትራን፦ ...አባቷ?

ኡራካ፦ ካህናቱ የሽመላ ጎጆ ከማማው ደወል ላይ አንሳልን ብለውት በካቴድራሉ የውስጥ ደረጃ ወጥቶ ነበር። ገዳዩ ከመሠዊያው ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ የመስቀሉን ደረጃ በእግሩም አልረገጠው። ያን የተጨበጠ እጅ ስንከፍተው ምን ነበር ያለው? የሽመላ ዕንቁላል። ጎጆውን ከማንሳቱ በፊት ለማትረፍ ይዞት ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ተወግቶ ዕንቁላሉ አልተሰበረም ነበር።

ቤልትራን፦ «ስንከፍተው» አሉ።

ኡራካ፦ አልኩ።

ቤልትራን፦ ልጅቱ እርስዎ ነዎት።

ኡራካ፦ ከዚያ ቀን ወዲህ ሚስማሩ ላይ ምንም ተሰቅሎ አያውቅም።

ቤልትራን፦ አዝናለሁ፣ እማማ። ከልቤ ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሰካራሞች ነበሩ ወይ እብዶች...

ኡራካ፦ ወጣቱ ሰካራም አልነበረም። ጊል ነበር ስሙ።

ቤልትራን፦ ጊል የአያቴ ስም ነው።

ኡራካ፦ አውቃለሁ።

ቤልትራን፦ ጊል የሚባል ብዙ ሰው አለ።

ኡራካ፦ ሰማያዊ እጅ ያለው ጊል ግን በዚያን ዘመን አንድ ብቻ ነበር።

ቤልትራን፦ ውሸት! ምላስዎን ይሰብስቡ፤ ሴት ነዎት አሮጊት ነዎት አልልም! አያቴ ዶሮ እንኳን አርዶ አያውቅም! የፋሲካን በግ የሚያርድልን ጎረቤት ነበር!

ኡራካ፦ ከዚያ ቀን በኋላ አላረደማ። ጩቤውን ከአንገቴ ላይ አንሳና አስብ። ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነበር የሚሄደው?

ቤልትራን፦ ...የማማውን ደረጃ ሊጠርግ። ጉልበቴ ስለዳነ ስእለት አለብኝ ይለን ነበር።

ኡራካ፦ ጉልበቱን ታሞ ያውቃል?

ቤልትራን፦ ታሞ... እንጃ። ስድሳ ዓመት እስኪያልፈው ድረስ ወንዝ ድረስ ጨርቅ ይሸከም ነበር።

ኡራካ፦ የመጀመሪያውን ዓመት በየቅዳሜው መጣ፤ በየቅዳሜው ፊቱ ላይ ተፋሁበት። ምራቁን ጠርጎ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ይመጣል። በሁለተኛው ዓመት በረዶ የጣለ ዕለት መጣና ተንበርክኮ ቁልፉን ለመነኝ። ሰጠሁት። ከዚያ እስኪሞት ድረስ ከእጄ ይቀበላል፣ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ይጠርጋል፣ ይመልስልኛል። ባርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ዓይኔን ቀና ብሎ አላየም። መጥረጊያው አሁንም ከበሩ ኋላ ነው።

ቤልትራን፦ ለምን አልነገረንም?

ኡራካ፦ አንተስ የዛሬውን መቼ ጨርሰህ ነገርከኝ? በቅሎ ነጂው ኑኞን ለምን ወጋው?

ቤልትራን፦ በቅሎው ያሰጣነውን ጨርቅ ረገጠብን። ገና ከቀለም ጋን የወጣ፣ እርጥብ። የሁለት ሳምንት ሥራ ጭቃ ገባ።

ኡራካ፦ ከዚያ ኑኞ መታው?

ቤልትራን፦ ኑኞ ማንንም አይመታም።

ኡራካ፦ ታዲያ ማን መታው? እኔ ነኝ የምጠይቅህ፤ ዳኛው አይደለም።

ቤልትራን፦ እኔ። በጥፊ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሰው ፊት። አፍንጫው ደማ። ሕዝቡ ሳቀበት፤ እኔም ሳቅሁ። ጩቤውን ሲመዝ ወደ እኔ ነበር፣ እማማ። ኑኞ «ተው ወንድሜ፣ ተው» እያለ መሃል ገባ። ማንን ወንድሜ እንዳለ አላውቅም። እኔን ይሁን እሱን።

ኡራካ፦ አሁን ወጣልህ። ተንፍስ። አልቅስ፣ ማንም አያይህም።

ቤልትራን፦ ካልገደልኩት ቤት ገብቼ እናቴን ምን ብዬ አያታለሁ?

ኡራካ፦ ገድለኸውስ ምን ብለህ ታያታለህ? ተነስና በግድግዳው ቀዳዳ እይልኝ። ዓይኔ አይደርስም። ማማው ላይ ያለው ማነው?

ቤልትራን፦ ጥላ ነው። ፀሐይዋ ከኋላው ናት።

ኡራካ፦ ባርኔጣ አለው?

ቤልትራን፦ አይለይም። ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል።

ኡራካ፦ ሽመላዎቹስ?

ቤልትራን፦ ተነስተዋል። በላዩ ይዞራሉ።

ኡራካ፦ ሚያዝያ ነው። ካህናቱ ዘንድሮም ጎጆ የሚያነሳ ሰው እንፈልጋለን ሲሉ ሰምቻለሁ። ማንን እንደላኩ አልነገሩኝም።

ቤልትራን፦ እሱ ነው! እሱ መሆን አለበት!

ኡራካ፦ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ያኔም አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም። ይኸው ቁልፉ፤ ጨዋታዬን ጨርሻለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም።

ቤልትራን፦ ይሰጡኛል? ይህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ?

ኡራካ፦ ያኔ ምንም ሳላውቅ ነው የሰጠሁት። ዛሬ ግን የምትወጣው ሁሉንም አውቀህ ነው። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው፣ እኔም ከዚህ በላይ ላደርግ አልችልም።

ቤልትራን፦ እሱ ከሆነስ? ከሆነ ምን አደርገዋለሁ?

ኡራካ፦ ከመስቀሉ በታች ውረድ በለው። ደረጃው ላይ በመሃላችሁ መስቀሉን አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ ደወሉ እስኪደወል። ዳኛው ሲመጣ ሁለታችሁም የሆነውን ትናገራላችሁ። ጥፊውን ጭምር።

ቤልትራን፦ ከባድ ነው፣ እማማ።

ኡራካ፦ ለአያትህ አርባ ዓመት ፈጀበት። አንተ አንድ ከሰዓት ነው የምጠይቅህ።

ቤልትራን፦ በሩ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው?

ኡራካ፦ ወደ ውስጥ። በትከሻህ ገፋ አድርገው፣ ዝጓል።

ቤልትራን፦ ጩቤውን... ይሄን የት ላድርገው?

ኡራካ፦ ሚስማሩ ላይ ስቀለው፣ ልጄ። መጥረጊያውንም ይዘህ ውጣ፤ ላይ ያለው ማንም ይሁን፣ መጥረጊያ የያዘ ሰው አያስፈራውም። ስትደርስ ግን ከሁሉ በፊት እጁን እይ። አባቴ ፎርቱን ነበር ስሙ። ከነዚህ ድንጋዮች በአንዱም ላይ አልተጻፈም፤ የሚያስታውሰው ሰው ከእኔ በቀር የለም፤ እኔም አርጅቻለሁ። አንተ አስታውስልኝ።