ለእማዬ የሚሆን ባህር

— ሄሎ?... አቤት ሊድያ... ይሰማል፣ ይሰማል። ቆይ የስፌት መኪናውን ላቁመው... እህ፣ አሁን ተናገሪ።

— እማዬ? የለችም፣ መድኃኔዓለም ሄዳለች። ዛሬ ሃያ ሰባት አይደል እንዴ? ናይሮቢ ገብተሽ ቀኑንም ረሳሽው?... እኔማ ቤት ነኝ። የት እሄዳለሁ?

— ምን?... ለእማዬ የባህር ጉዞ ዛሬ ትኬት ልትቆርጪ?... እና እኔን ምን አገባኝ?... «ትሕትና የመረጠችው ይሁን» አለች? እማዬ ናት ያለችው?... ጉድ ነው! ከቀጨኔ ዳገት ወርዳ የማታውቀውን ልጇን የባህር አዋቂ አደረገቻት በይኛ።

— እሺ በይ፣ ንገሪኝ። አንደኛው የቱ ነው?... ዲያኒ። ሞምባሳ አጠገብ... ነጭ አሸዋ... እንደ ዱቄት የላመ... አይቼዋለሁ ባክሽ፣ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ጦጣም አለበት።... ጦጣ! ቁርስ ስትበዪ መጥቶ ዳቦውን ከእጅሽ ይቀማል። እማዬ ደግሞ ድመት ከሩቅ ስታይ ነጠላዋን የምትሰበስብ ሴት... አትሳቂ፣ የምሬን ነው። ሻጮቹም አላስቀምጥ ይላሉ አሉ። ሐብል ግዙ፣ ጀልባ ተሳፈሩ፣ ግመል ላይ ውጡ... እማዬን ግመል ላይ ልታወጪያት ነው?

— ሁለተኛው?... ዛንዚባር። ዛንዚባርማ ያምራል፣ ማን አያምርም አለ? በየት በኩል ነው ግን?... በምሥራቁ? የምሥራቁ እኮ ውሃው ይሸሻል።... ይሸሻል ስልሽ! ጠዋት ባህር፣ ከሰዓት ሜዳ ነው። እማዬ ውሃ ለመንካት በዚያ ጉልበቷ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ልትሄድ? ደግሞ ጥቁር እሾሃም ነገር አለ፣ ጃርት የመሰለ። ከረገጡት አለቀ።... ሰሜኑ? እሺ፣ የሰሜኑ ብዙም አይሸሽም፣ እሱስ ልክ ነሽ። ግን እዚያ ጭፈራ ነው። እማዬ ጭፈራ መሃል ቁጭ ብላ ውዳሴ ማርያሟን ልትደግም?

— ላሙ ደግሞ የት ነው?... እ፣ መኪና የሌለበት ደሴት... ዕቃውም ሰውም በአህያ... ሊድያ! አህያ ለማየት በአውሮፕላን? ሸጎሌ ገበያ በታክሲ ሄደን ብንመለስስ?... ማሊንዲንም ተዪው። ዝናብ ከጣለ ወንዙ ጭቃውን ሁሉ ያወርድበታል አሉ፣ ውሃው ቡናማ ይሆናል። ለቡናማ ውሃ ላንጋኖ ምን አነሰን?... ጅቡቲ? በዚያ ሙቀት! እናታችንን ባህር ልታሳዪያት ነው ወይስ ልትቀቅያት?

— አንዴ ቆይ፣ ሰው መጣ።... ግቢ ሙኒያ፣ ክፍት ነው። እናቴን ፈልገሽ ነው? ቤተክርስቲያን ናት፣ አሁን ትመጣለች። ያቺን ጨርቅ ገፋ አድርጊና ተቀመጪ...

— ሙኒያ ናት፣ እታች ልብስ ቤት ያላት ጎረቤታችን። ሰላም ትልሻለች።... እሷም ሰላም ብላሻለች ሙኒያ።

— እና ምን እያልሽኝ ነበር?... እንዴት ነው «ሁሉንም ያጣጣልኩት»? አስተያየት ጠየቅሽኝ፣ ሰጠሁሽ።... አዎ፣ ባህር አይቼ አላውቅም! ያላየሁት ጠልቼው መሰለሽ?... አልጮህኩም። ሙኒያ፣ ጮህኩ እንዴ?... ጮኸሻል ትላለች። እሺ፣ ጮህኩ!

— ምን ሆንሽ ትይኛለሽ? ልንገርሽ እንግዲህ። አምና እግርሽን ባህሩ ፊት ዘርግተሽ የላክሽው ፎቶ... አዎ፣ እሱ፣ ቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባሽበት። እማዬ ያላሳየችው ማኅበርተኛ የለም። ለንስሐ አባቷ ሳይቀር አሳይታለች! «የሊድያዬ እግር ነው አባ» ብላ... ሳቂ፣ አንቺ ምን አለብሽ! ማታ ማታ ጉልበቷን የማሸው እኔ። ሐኪም ቤት ወረፋ የምይዘው እኔ። ስልኳ ላይ ያለው ግን ያንቺ እግር! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት እውነታቸውን ነው።

— ቀንተሽ ነው?... አዎ፣ ቀናሁ! ስሜ ትሕትና ስለሆነ መቅናት አልችልም? የባህሩ ውሃ መጀመሪያ እግሯን ሲነካት «ውይ!» ትላለች፣ አውቃታለሁ። ያንን «ውይ» አጠገቧ ቆመሽ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። እኔ በስልክ ነው የማየው፣ ያውም ኔትወርክ ከፈቀደ።

— «ሥራ ስለሚበዛብሽ ነው»... ሥራ ይበዛብኛል ብዬሻለሁ? ጠይቀሽኛል? «ትሕትና፣ ትመጫለሽ ወይ?» የሚል ቃል ከአፍሽ ወጥቷል?... አልወጣም። እኔና እማዬ፣ ሁለት ሰው ብለሽ ጨርሰሽ፣ ለእኔ የተረፈኝ አሸዋ መምረጥ ነው። የማልረግጠውን አሸዋ!... አዎ፣ ከፍቶኛል። በጣም ነው የከፋኝ።

— አንዴ ጠብቂኝ፣ ሙኒያ የምትለው አላት።... ምንድን ነው ፌስታሉ?... እናቴ አዘዘችሽ? ምን?... የምን ልብስ?... የዋና?! ሊድያ፣ እንዳትዘጊው! እማዬ የዋና ልብስ አዛለች!... እኔም አሁን ነው የሰማሁት። ያንን የሙስሊም ሴቶቹን፣ ከአናት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነውን። «ፈረንጅ መሃል ገላዬን አላሳይም» ብላለች። የሙኒያ እህት ሀያም ጅቡቲ ናት፣ እሷ ነች የላከችው... ሙኒያ፣ ከእኔ ለምን ተደበቀ?... «ሌላ ሰው የሰፋውን ለበስሽ ብላ ትቀናለች፣ እንዳትነግሪያት» አለች?... ሰማሽ ሊድያ? እናታችን ለጎረቤት እንዲህ ብላ ነው የምታማኝ!... አንቺም ልክ ናት ትያለሽ?

— ሁለት ናቸው። ሊድያ፣ ፌስታሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው።... ጥቁሩ የእማዬ ነው፣ እጅጌው ያስታውቃል። ሰማያዊው... ያንቺ ነዋ! ያንቺ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? አሁንም ለሊድያ! ናይሮቢ ልብስ የጠፋ ይመስል!... ሙኒያ፣ መልሰሽ ክተቺልኝ፣ ላየው አልፈልግም... ምን?... ዘርግቼ ልየው?

— እሺ፣ ዘረጋሁት።

— አለሁ... አለሁ ሊድያ፣ ቆይ... ይሄ ላንቺ አይሆንም። አንቺን የመሰሉ ሁለት ቀጫጮች ይገቡበታል። ወገቡ... ሜትሩ አንገቴ ላይ ነው፣ እየለካሁት ነው... ዳሌው... የኔ ነው። ሊድያ፣ የኔ ልክ ነው!... እኔን ማን ለካኝ? ሙኒያ፣ ልኬን ማን ሰጣችሁ?... አረንጓዴ ቀሚሴን! ከገመድ ላይ ጠፋብኝ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ የጠረጠርኩበት ቀሚስ! ለካ እማዬ ናት፣ ለመለኪያ ብላ ሙኒያ ሱቅ ወስዳ...

— ሌላስ ምን አለችሽ ሙኒያ?... «ትሕትና እጄን ካልያዘችኝ ውሃ ውስጥ አልገባም»... እንዲህ ብላለች?... ሊድያ፣ ሰማሽ?... አላለቀስኩም። ጉንፋን ይዞኛል።

— ለዚህ ነው ለካ ትምረጥ ያለችው... በይ ስሚ፣ ዲያኒ ይሁን።... አዎ፣ ዲያኒ! ጦጣው? ምን ያደርጋል፣ ለሱም ዳቦ እንሰጠዋለን። እማዬ ግመልም ካለች ግመል ላይ ትውጣ፣ እኔ እደግፋታለሁ። ከናይሮቢ በባቡር እንሄዳለን። ሦስት ሰው ብለሽ ቁረጪ።... ፓስፖርት? አለኝ።... መቼ አወጣሽው?... ያንቺ ፎቶ የመጣ ሰሞን ነው። እንዳትስቂ።

— ሄሎ?... ሊድያ?... ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? ጮክ በይ፣ አይሰማም... «ለኔስ አልገዛችልኝም?»...

— ሊድያ፣ እያለቀስሽ ነው እንዴ?... አንቺ እኮ ቁም ሳጥንሽ የዋና ልብስ ብቻ ነው... እሱማ አይደለም። አውቃለሁ። እማዬ ያሰበችበት አይደለም፣ የገዛሽው ነው።... አውቀዋለሁ አልኩሽ፣ ይሄን ነገር ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?

— ሙኒያ፣ ይሄን የመሰለ የሚለጠጥ ጨርቅ ሱቅሽ አለ?... ሰማያዊ ከሆነ አምጪልኝ። ሊድያ፣ አታልቅሺ፣ እኔ እሰፋልሻለሁ። ጠርዙን እማዬ በእጇ ትዘመዝመዋለች። ዓይኗ ደከም ቢልም ጠማማ አድርጋ ትዘምዝመው፣ የሷ መሆኑ እንዲያስታውቅ።... እህ፣ ሳቅሽ አይደል? በይ ሜትር አምጪ። ከሌለሽ በገመድ ለኪና ገመዱን በማስመሪያ...

— ደረት?... እሺ። ወገብ?... ስንት?... ሊድያ፣ አትዋሺ። ትንፋሽሽን ልቀቂና ለኪ።... እንደሱ። ወፍረሻል!... ደስ ብሎኛል፣ ምን ታደርጊኛለሽ? እኔን ልትመስይ ትንሽ ነው የቀረሽ። ዳሌስ?... ሄሎ?... ዳሌ አልኩሽ! ሄሎ?... ሊድያ?...

— ተቋረጠ።... ተዪው ሙኒያ፣ ራሷ ትደውላለች።... ቆይ፣ የእማዬ ዱላ ድምፅ ነው፣ መጣች። ልብሶቹን ደብቂያቸው፣ ዝም በይ... ደህና ገባሽ እማዬ? ነይ፣ አረፍ በይ። እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አረንጓዴ ቀሚሴን አይተሽልኛል?