የንቧ ቢጫ

የእህቴን ልጅ አንደኛ ክፍል ላስመዘግብ ሄጄ መዝጋቢዋ ምሳ ወጥታለች ስለተባልኩ፣ ግቢውን ስዞር ከጋሽ ብሩሽ ጋር ተገጣጠምን። የድሮ ጎረቤታችን ናቸው። የሰፈሩን ሱቅና ጋራዥ ሁሉ የቀቡት እሳቸው ስለሆኑ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። የውሃ ቧንቧ በተደረደረበት ግድግዳ ፊት ቆመው የድሮውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋሉ። አቧራው ቅንድባቸውን አንጥቶታል።

ሰላምታችን ሲያልቅ ሥራቸውን አስጎበኙኝ። ትምህርት ቤቱ መለያው የሚሆን እንስሳ በግድግዳው ላይ ሊያስል ነው። መምህራኑ አንበሳ፣ ወላጆቹ ንስር እያሉ ሁለት ስብሰባ ከፈጁ በኋላ፣ ማንም ስላልጠላት ንብ ተመረጠች። ጋሽ ብሩሽ ቦርሳ ያዘለች ንብ በደብተር ላይ በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍለው ነድፈዋል። ግድግዳውንም ጠመኔ በነካ ገመድ እየመቱ እንዲሁ ሊከፋፍሉት ነው። ሆዷ የልጆቹ ደረት ትይዩ ይውላል።

"እየዳሰሷት ውሃ ይጠጣሉ" አሉኝ ደስ ብሏቸው።

ከእግራቸው ሥር ለንቧ ያመጡትን፣ ጽሑፉ የጠፋ የድሮ የቀለም ቆርቆሮ አየሁ። ክዳኑ ላይ የደረቀው ቢጫ እንደ እንቁላል አስኳል ደማቅ ነው። እኔ ኬሚስትሪ ተምሬ ቀለም የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። እንዲህ ያለው የድሮ ቢጫ ሊድ የሚባል ከባድ ብረት እንደሚኖርበት፣ የሚፈገፍጉትም ግድግዳ ከዚሁ የጸዳ እንደማይመስለኝ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። የአሁኑ ቢጫ ውሃ ነው፣ አራት ጊዜ ካልደረቡት ግድግዳውን አይደብቅም፣ ይሄ ግን በአንድ እጅ ይሸፍናል፣ ፀሐይም አይደፍረውም አሉ።

"ጋሼ፣ ቀለሙ አያምርም አላልኩም። ልጅ ይመርዛል ነው ያልኩት።"

"አርባ ዓመት እጄን ስነክርበት ኖሬ ይኸው ቆሜያለሁ።"

"እርስዎ ሲጀምሩ ጎልማሳ ነበሩ። የትንሽ ልጅ ሰውነት ከአዋቂ ይልቅ አብዝቶ ይመጥጠዋል፤ አእምሮውም ገና አልጠናም።"

"እናንተ የተማራችሁ ደግሞ! ትናንት ስኳር ገዳይ ነው አላችሁ፣ ዛሬ ቀለም። ነገ አየሩንም ተዉ ትሉናላችሁ።"

"አየሩንማ ይኸው እርስዎ እየሞሉት ነው" አልኩና አቧራውን አሳየኋቸው።

ያልተማረ ሰው አይሰማም የሚባለው ውሸት ነው። ጋሽ ብሩሽ ሰምተውኛል፤ መልስም ነበራቸው። የመጨረሻውን ማስረጃ ያወጡት ግን ያኔ ነው።

"ልጄ ቀለም በማስቀምጥበት ክፍል ውስጥ ነው ዳዴ ያለችው። የተላጠውን ቅርፊት እየለቀመች ትበላ ነበር። ይጣፍጣል ትላለች፣ እንደ ከረሜላ። ታዲያ ምን ሆነች?"

ልጃቸውን አውቃታለሁ። አንደኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። እኔ ሁለተኛ ስገባ እሷ እዚያው ቀረች፤ ሦስተኛ ስገባም እዚያው ነበረች። ዛሬ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ መንገድ ብቻዋን አትሻገርም። አባቷ "በእናቷ ወገን ያለ ነገር ነው" ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እናቷም ሰምታለች።

ይህን ቀስ አድርጎ የሚናገር ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ትዕግሥት የለኝም።

"ምንም አልሆነችም፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

እጃቸው ግድግዳው ላይ ቀረ። "ከዚህ ነው እያልሽኝ ነው?" አሉ።

"እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ያኔ ደሟን የመረመረ የለም። ሊድ የበላ ልጅ ግን እንደዚያ ሊሆን ይችላል።"

"ይድናል?"

"የተጎዳው አይመለስም። ያልተጎዳውን ነው ማዳን የሚቻለው።"

"እናቷን እኮ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ቆርቆሮውን ከድነው ወደ እኔ ገፉት።

በማግስቱ ልጆቹ ከቧንቧው እንዲርቁ አስደረጉ። ግድግዳውን በውሃ እያራሱ ፋቁት፣ ፍቅፋቂውን በላስቲክ ሰበሰቡት፣ ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉት። አሁን የሥራ ልብሳቸውን እዚያው ቀይረው፣ ታጥበው ነው ቤት የሚገቡት። ንቧን ሊድ የለበትም ተብሎ በተጻፈበት ቢጫ አራት ጊዜ ቀቧት። ዳይሬክተሩ ገረጣች ብሎ አጉረመረመ። "ትገርጣ" አሉት። የእህቴ ልጅ በየቀኑ የንቧን ሆድ ተደግፋ ውሃ ትጠጣለች። ልጁ የቀለም ቅርፊት የሚልስበት አንባቢ የልጁን ደም ያስመርምር፣ ግድግዳውን በደረቁ አይፈግፍግ። ሙያ ማለት ያዩትን መድገም ብቻ አይደለም፤ ሲነግሩት መለወጥም ነው።

ጋሽ ብሩሽ እኔና እሳቸው በተነጋገርንበት ዕለት ማታ፣ የልጃቸው ነገር ከቀለሙ ሊሆን እንደሚችል ለሚስታቸው ነገሯቸው። እናቴ ከሴትዮዋ አፍ ሰምታለች። ሴትዮዋ አላለቀሱም አለች። "ይህን ለብቻዬ መንገርህ ምን ያደርግልኛል? 'በእናቷ ወገን ነው' የምትለው በእህቶችህ ፊት ነበር። በእነሱ ፊት በል" ነው ያሏቸው።

ቀለሙን መለወጥ አንድ ቀን ነው የፈጀባቸው። ይህ ግን ሦስት ወር ሆነው። እህቶቻቸው በየእሑዱ ይመጣሉ፣ ሚስታቸው ወንበር ያወጣሉ፣ ይጠብቃሉ። ጋሽ ብሩሽ እስካሁን አላሉም።