ከቀበቶው በፊት እርቅ

እኔ ቦክስ አሠለጥናለሁ እንጂ ሽምግልና የት አውቄ! ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ የጉንችሬ አዛውንት፣ ቅዳሜ ለቦክስ ሻምፒዮና ቀበቶ ስለሚጋጠሙት ሁለት ልጆች ጠየቁኝ። ደስ ብሎኝ አስረዳኋቸው። "የእኛ የቡታጅራው እጁ ረጅም ነው፣ ፈጣን ነው፤ ግን ሲሰነዝር አገጩን መሸፈን ይረሳል። የወልቂጤው ቡጢው ከባድ ነው፤ ግን ቶሎ ይደክመዋል።"

"እሱስ ይሁን፤ የማን ልጆች ናቸው?"

"አባባ፣ ይሄ ለቦክስ ምን ያደርጋል?" ብልም አልለቀቁኝም። የልጆቹን የአባትና የእናት ስም ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ። "እናቶቻቸው እኮ እህትማማቾች ናቸው! ምን አጣላቸው?"

"ኧረ አልተጣሉም!"

"ካልተጣሉ ለምን ይማታሉ?"

ስፖርት ነው እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። ማን ሰምቶኝ! ተሳፋሪው ሁሉ "ደም ሳይፈስ ይታረቁ እንጂ!" አለ። እዚያው መኪናው ውስጥ ሽማግሌ ተመረጠ፤ አዛውንቱና አንድ የመስቃን በርበሬ ነጋዴ። ሦስተኛ ሲፈለግ አዛውንቱ እጄን ለቀም አደረጉ።

"የሁለቱንም ጉድለት እንዲህ አበጥሮ የሚያውቅ ሰው እያለ ሌላ ምን ፍለጋ ነው?"