የከድጄ ዓይንና የሰፈራችን ዝምታ

ሐጂ ሸረፋን ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው። እኔ የታመመ ባልደረባዬን ጠይቄ ከሆስፒታል ስወጣ፣ እርሳቸው ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለው ከባጃጅ ይወርዱ ነበር። በቡታጅራ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ሰፈራችን፣ እርሳቸውን የማያውቅ የለም። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ለቅሶ ቀድመው የሚደርሱ ነጋዴ ናቸው። ከእኔ ቤት የሚለያቸው አንድ አጥር ብቻ ነው።

«መምህር ኤልያስ፣ እንኳን አገኘሁህ» አሉኝ። «ወደ ከድጄ ነኝ። አብረኸኝ ግባና አንተም ምከራት።»

«ምን ብዬ ልምከራት፣ ሐጂ?»

«ክሱን እንድትተው ነዋ! የልጁ ቤተሰብ እግሯ ላይ ሊወድቅ ተዘጋጅቷል።»

ከድጄ ከቆሼ ከተማ በርበሬ እያመጣች የምትቸረችር ጎረቤታችን ናት። በቀደም ሲመሻሽ ከሚኒባስ ወርዳ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ ሙሀይሚን የሚባል የሰፈራችን ጎረምሳ ቦርሳዋን ያዘባት። አልለቅም ብትለው ፊቷን በድንጋይ መታት። ግራ ዓይኗ ጠፋ። እርሷ ስሙን ጠርታ ከሰሰች፤ ፖሊስም ያዘው። ምስክር ሲጠየቅ ግን ሰፈሩ በሙሉ «አላየሁም» አለ። ከእርሷ ሌላ ምስክር ካልተገኘ ደግሞ ልጁ መለቀቁ ነው።

ተከትያቸው የገባሁት ልመክራት አልነበረም። ብቻዋን ከሽማግሌ ፊት እንዳትቀር ብዬ ነው።

ከድጄ ግማሽ ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ተጋድማለች። አጠገቧ ታናሽ እህቷ ነዒማ አለች፤ ወልቂጤ ሕግ ተምራ የተመረቀች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገር ልጅ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ ሐጂ።

«ወአለይኩም ሰላም። ይቀመጡ፣ ሐጂ» ብላ ነዒማ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከድጄ፣ አላህ ያሽርሽ። ልጁ በድሏል፤ አልክድም። ነገር ግን የእኛው ልጅ ነው። ታሰረ ማለት ወንጀል ተምሮ ወጣ ማለት ነው። የሰፈራችንም ስም አብሮ ይጠፋል። አባቶቻችን በሴራ ነው የኖሩት፤ እኛም በሴራችን እንጨርሰው።»

«ሐጂ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች ነዒማ። «ሴራ በእኛ ቋንቋ ሕግ ነው፤ በአማርኛ ግን ተንኮል ነው። እርስዎ የያዙት የትኛውን ነው?»

የሐጂ ፊት ተለዋወጠ። «ልጄ፣ ሽማግሌ አይዘለፍም።»

«አልዘለፍኩዎትም። በአባቶቻችን ሴራ እኮ ዳኞች አደባባይ ይቀመጣሉ፤ ምስክር ይጠራል፤ አጥፊም ሰው ፊት ይቆማል። እርስዎ አምና ሙሀይሚን የጎረቤታችንን የብርቄን ስልክ ሲነጥቅ በጓዳ አስታረቁ። ሌላውን ጎረቤታችንን ሀያቱን በጩቤ አስፈራርቶ ሲዘርፈውም በጓዳ አስታረቁ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ቢመሰክር፣ እህቴ ዛሬ ሁለት ዓይን ይኖራት ነበር።»

«ፖሊስስ ቢሆን ምን ይሠራል?» አሉ ሐጂ ተቆጥተው። «ጠዋት አስሮ ማታ ይለቃል!»

«የሚለቀው እኛ አፋችንን ስለምንይዝ ነው! ያለ ምስክር የትኛው ዳኛ ይፈርዳል?»

እኔም አላስቻለኝም። «ሐጂ፣ ይቅርታ የበደለኛው መጸጸቻ ነው እንጂ የመሸሸጊያው ዋሻ አይደለም። ልጁ ከእርቅ የተማረው ነገር ቢኖር፣ ሰው ደብድቦ ሙዝ ይዞ መሄድ እንደሚበቃ ብቻ ነው» አልኩ።

ከድጄ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች።

«ብርቄ ስታለቅስ ማን አባበላት? እኔ ነኝ። 'ለሰፈሩ ሰላም ብለሽ አውፍ በዪው፣ ይቅር በዪው' አልኳት። እርስዎ ላኩኝ፤ እኔም ሄድኩ። አሁን ማን ሊያባብለኝ መጣ?» አንዷ ዓይኗ ከሐጂ ላይ አልተነቀለም። «ሰፈሩ ሰላም ከሆነ ልጅዎን ዛህራን ለምን ከማታ ትምህርት አስቀሯት? መንገዱን ስለፈሩ አይደለም? የእርስዎ ልጅ ቤት ተዘግቶባት፣ ሙሀይሚን እንደ ልቡ ይዞር ነበር። ታዲያ ማነው የታሰረው?»

ሐጂ ፌስታሉን እግራቸው ሥር አኖሩት። ወለሉን እያዩ፣ «አይቼዋለሁ» አሉ።

«ምን አሉ?» አለች ነዒማ።

«ከድጄ፣ ለመግሪብ ሶላት ወደ መስጊድ ስሄድ፣ ቦርሳሽን ይዞ ከወፍጮ ቤቱ በኩል ሲሮጥ አይቼዋለሁ። እጁ ደም ነበር። አባቱ ጓደኛዬ ነበር፤ አላህ ይማረው። የሙት ልጅ በእኔ ምላስ እንዳይታሰር ብዬ…»

«እኔስ መንገድ ላይ ወድቄ ነበር!» ስትል ከድጄ ጮኸች። አስታማሚዎች ሁሉ ዞር አሉ። «የጓደኛዎ ልጅ ስላልሆንኩ ነው?»

ሽማግሌው እንደ ልጅ አለቀሱ። ማንም አላባበላቸውም። እኔም ላባብላቸው አልወደድኩም፤ አንዳንድ እንባ መፍሰስ አለበት። በመጨረሻ ተነሡና «ነዒማ፣ ተነሺ። ጣቢያ አብረሽኝ ሂጂ። ሸሪዓውም ቢሆን ምስክርነትን ደብቁ አይልም፤ እኔ ነኝ የደበቅሁት» አሉ።

የዚያኑ ዕለት ቃላቸውን ሰጡ። የሙሀይሚን ዘመዶች ሱቃቸው ድረስ መጥተው ሰደቧቸው፤ ሰላምታም ነሷቸው። ሐጂ ግን ችሎት ቆመው ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ተናገሩ። እርሳቸው ሲደፍሩ ብርቄም ደፈረች፤ ሀያቱም ተከተለ። ፍርድ ቤቱ ልጁን ጥፋተኛ ብሎ እስራት ፈረደበት። ሐጂ ዛሬም ወህኒ ድረስ ስንቅ ይዘው ይጠይቁታል፤ ይመክሩታልም። የሽምግልና ቦታው ይኸው ነው፤ ከፍርድ በኋላ እንጂ በፍርድ ፋንታ አይደለም።

ሰፈሩም ከእንቅልፉ ነቃ። በየበሩ አምፖል ተሰቀለ፤ በወፍጮ ቤቱ ጎን የነበረው የፈረሰ አጥር ተነሥቶ መንገዱ ሰፋ። ጩኸት ሲሰማ በር መዝጋት ቀርቶ በር መክፈት ልማድ ሆነ። ከገበያ አምሽታ የምትመለስ ነጋዴ ያለ ስጋት ትገባለች፤ ዛህራም ትምህርቷን ቀጠለች። ይህ ሁሉ የመጣው ሌላ ፖሊስ ተጨምሮልን አይደለም። ያየነውን አየን ማለት ስለጀመርን ብቻ ነው።

ከወራት በኋላ በሰፈሩ ስብሰባ አንዱ ተነሥቶ ስለ ሐጂ ድፍረት ሲናገር አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከድጄ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ።

«አታጨብጭቡ» አለች። «መንገዱ ላይ ስጮህ አሥር በር ሰምቶኛል። አንዱም አልተከፈተም። ሰው የሚገባውን ስላደረገ አይጨበጨብለትም። ቁጭ በሉና እያንዳንዳችሁ ያን ዕለት የት እንደነበራችሁ ንገሩኝ።»

ማንም ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። እርሷ ግን አልተቀመጠችም።